እማዬ የአንጎል አንጂዮግራም ታዘዘላት፤ አደጋው ምን ያህል ነው?

የእማዬ ልጅ (ሜሪላንድ)፦
እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ስላለባት ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ለራስ ምታቷ ኤምአርአይ ስትነሳ የአንጎሏ ደም ሥር ላይ ትንሽ እብጠት፣ አኒዩሪዝም የሚሉት፣ ታየ። አሁን በብሽሽቷ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሊያዩት ነው። የምትፈርመው ወረቀት ላይ «ስትሮክ» የሚል ሳነብላት «ጭንቅላቴን አላስነካም» ብላ እምቢ አለች። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የካትላብ ነርስ፦
እህቴ፣ ካትላብ ማለት እንዲህ በቱቦ የደም ሥር ምርመራ የሚሠራበት ክፍል ነው። በመጀመሪያ ወረቀቱ ለምርመራ ብቻ ነው ወይስ እብጠቱን በኮይል (በተጠቀለለ ቀጭን የብረት ሽቦ) መድፈንንም ይጨምራል? አደጋቸው አንድ አይደለም። በምርመራው ዘላቂ የነርቭ ጉዳት የሚደርስበት ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከ100 ሰው ከአንድ በታች ነው። ስትሮክ የሚመጣው ካቴተሩ (የሚገባው ቱቦ) ላይ የረጋ ደም፣ የአየር አረፋ ወይም ከደም ሥሩ ግድግዳ የተላጠ ስብ ወደ አንጎል ሲሄድ ነው። ቱቦውን ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ባለበት ፈሳሽ ደጋግመን የምናጥበው ለዚህ ነው። ኮይል ሲገባ ግን እብጠቱ ሊፈነዳ፣ ኮይሉ ላይም ደም ሊረጋ ይችላል፤ ስለዚህ ያንን ለብቻው ያስረዷችሁ። በእጅ አንጓ በኩል መግባት ይቻል እንደሆነም ጠይቂ፤ የብሽሽት መድማት ይቀንሳል።

ፋርማሲስት፦
ሜትፎርሚኑን በራሳችሁ አታቁሙ። የኩላሊት ምርመራዋን አይተው ሊያስቆሟት ይችላሉ፤ ካስቆሟት ብዙውን ጊዜ ከ48 ሰዓት በኋላ ኩላሊቷ ታይቶ ይመለስላታል። በፊት ኮንትራስት (ደም ሥር በራጅ ላይ እንዲታይ የሚወጋ ፈሳሽ) ተወግታ አሳክኳት ወይም ትንፋሽ አጥሯት ከነበረ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አባቱን ያስታመመ፦
የእኛን ቤት ያስቸገረው ብሽሽቱ ነው። ለሰዓታት እግርን ዘርግቶ መተኛት ያስፈልጋል፤ አባባ ግን ጠያቂ በገባ ቁጥር ብድግ ሊል ይታገል ነበር። እናትሽንም ለአክብሮት እንዳይነሱ ጠብቂያቸው። ቦታው ካበጠ ወይም ከደማ አስተኝተሽ አጥብቀሽ ጫኚውና እርዳታ ጥሪ። እግር ከቀዘቀዘ ደም ወደ እግር በደንብ እየደረሰ ላይሆን ይችላል፤ የወገብ ሕመምና ማዞር አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ ሳይታይ ወደ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል።

የእማዬ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ደውዬ ጠየቅኩ፤ ለአሁኑ ምርመራ ብቻ ነው። ጭንቅላቷ እንደማይከፈት ስነግራት ትንሽ ለዘብ ብላለች። እኔው ላስተረጉምላት?

የካትላብ ነርስ፦
አይሆንም፣ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ አስጠሪ፤ ነፃ ነው። ልጅ ሲያስተረጉም ከባዱን ቃል ያለዝባል። ደግሞ ከምርመራው በኋላ ስትሮክ መኖር አለመኖሩን የምናየው በሽተኛውን በማናገርና እጅና እግር በማስነሣት ነው፤ አማርኛ የማይሰማ ነርስ የእናትሽ አነጋገር መኮላተፉን አይለይም። አንቺም አጠገባቸው ሁኚ፤ ንግግራቸው ወይም ፊታቸው ከተቀየረ፣ ዓይናቸውም ከጋረደባቸው ወዲያው ነርሷን ጥሪ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ከሆነ 911 ደውዪ።