ቢላ ከባሌስትራ፣ በእጅ ሞረድ ብቻ፦ ሞረዱ ይንሸራተታል፣ ፊቱም ይጎብጣል

ባለሞርሳ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከአሮጌ የፒክአፕ ባሌስትራ (የመኪናውን ክብደት ከሚሸከመው ጠፍጣፋ የስፕሪንግ ብረት) የወጥ ቤት ቢላ እየሠራሁ ነው። ግራይንደር የለም፤ ያለው ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መንከሻ)፣ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ባለ 12 ኢንች ሻካራ ሞረድና ባለ 8 ኢንች ለስላሳ ሞረድ ነው። ብረቱ ቀጥቃጭ ዘንድ ተቀጥቅጦ 4 ሚ.ሜ ውፍረትና 30 ሚ.ሜ ወርድ ይዟል። ሞረዱ አንዳንድ ቦታ ይበላል፣ አንዳንድ ቦታ እንደ መስታወት ይንሸራተታል። ከጀርባው ወደ ስለቱ የሚወርደው ፊትም ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ሆዱ ይወጣል። ምን ላስተካክል?

ከሰልና ወናፍ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሞረድህን አድን። እሳት ላይ የወጣው ጥቁር ቅርፊት የሞረድ ጥርስ ይጨርሳል። ቢላውን አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ ንከረው፣ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ እጠበውና ወዲያው አድርቀው፤ ካልደረቀ በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል።

ቅርፊቱ ከለቀቀ በኋላም ከተንሸራተተ ብረቱ ራሱ ጠንክሯል ማለት ነው። ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ ክሮም (ብረቱ በቀላሉ እንዲጠነክር የሚያደርግ ቅይጥ) አለበት። ከቀላ በኋላ ቀዝቃዛ መሬት ላይ ወይም ነፋስ ባለበት ከተጣለ ቦታ ቦታውን ይጠነክራል፤ አንዱ ጋ በልቶ ሌላው ጋ እምቢ የሚልህ ለዚህ ነው። ማግኔት መያዝ እስኪተው (770 ዲግሪ አካባቢ) አግለህ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበረውና እስከ ጠዋት አትንካው።

ቀስ በል
አመዱ ለወፍራም ብረት ልክ ነው። 4 ሚ.ሜ ግን ብቻውን ሲቀበር ቶሎ ይበርዳል፤ ከጎኑ አብሮ የጋለ ወፍራም ብረት መቅበር አለብህ። ቀላሉ መንገድ ሌላ ነው፦ ጨለማ ቦታ ሆነህ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ብቻ አግለው፣ ማግኔት ገና የሚይዘው መሆን አለበት። ከዚያ አውጥተህ አየር ላይ ይቀዝቅዝ። ሁለት ጊዜ ድገመው። ለሞረድ በቂ ይለሰልሳል።

ሆድ የሚያወጣው እጅህ ነው። ሞረዱ ወደፊት ሲሄድ መጀመሪያ የኋላ እጅ፣ መጨረሻ ላይ የፊት እጅ ስለሚከብድ ይወዛወዛል። የሞርሳው አፍ በክርንህ ቁመት ይሁን። ወደፊት ስትገፋ ብቻ ጫን፣ ስትመልስ አንሳው፤ ተጭኖ የሚመለስ ሞረድ ጥርሱ ቶሎ ይዶለዱማል።

እጅ እስኪለምድ በቀለበት ሥራው። ቢላውን ጣውላ ላይ አስተኝተህ፣ ስለቱን ወደ ራስህ አዙረህ በሞርሴቶ (በትንሽ የእጅ መንከሻ) እሰር። ከጀርባው 300 ሚ.ሜ ርቀት ላይ ቀለበት ያለው ቡሎን በሁለት ዳዶ አቁም። 70 ሳ.ሜ ቀጥ ያለ ዘንግ በሞረዱ ጀርባ ላይ ሁለቱን ጫፍ በቱቦ ማሰሪያ እሰርና በቀለበቱ አሳልፈው። ሞረዱ ጠፍጣፋ ተኝቶ ሳለ የቀለበቱን ቁመት ምልክት አድርግ።

አሁን ሒሳቡ፦ ስለቱ ላይ 1 ሚ.ሜ ይቅር ብትል ከ4 ሚ.ሜ ውስጥ በየጎኑ 1.5 ሚ.ሜ ይወጣል። 1.5 በ30 ወርድ ከሆነ፣ በ300 ላይ 15 ሚ.ሜ ነው። ቀለበቱን ከምልክቱ 15 ሚ.ሜ ከፍ አድርግ። ፊቱን በማርከር ቀባ፤ ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ሞረዱ የት እንደሚነካ ያሳይሃል። ከመጀመርህ በፊት በስለቱ ጠርዝ ላይ 1 ሚ.ሜ የሚያስቀሩ ሁለት መስመሮች ጫር፣ ያለዚያ አንዱ ጎን በዝቶ ስለቱ ከመሃል ይሸሻል። አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፣ እያፈራረቅህ አውርድ።

ጥርስና ጠመኔ
ቀለበቱ ስለቱ ወደ ጫፉ መጉበጥ እስከሚጀምርበት ድረስ ግሩም ነው፣ ጫፉ ላይ ግን ያሳስትሃል። ወርዱ 15 ሚ.ሜ በሆነበት ቦታ በዚያው ማዕዘን በየጎኑ የሚወጣው 0.75 ብቻ ነው፤ ስለቱ 2.5 ሚ.ሜ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጫፉ አካባቢ ከቀለበቱ አውጥተህ በእጅ አሳሳው።

ጥልቅ ጭረት ካየህ ደግሞ በጥርሶቹ መሃል የተሰነቀረ ብረት ነው። ሞረዱን በጠመኔ ቀባው፣ በየ20 ወይም 30 ግፊቱ በሽቦ ብሩሽ በጥርሱ አቅጣጫ ጥረገው። በብሩሽ ካልወጣ በቀጭን የመዳብ ቁራጭ ግፋው። ለማጠናቀቂያ ለስላሳውን ሞረድ በሁለት እጅ ለቢላው አግድም ይዘህ ከእጀታው ወደ ጫፉ ጎትት፤ የሻካራው መስመር ይጠፋል።

ባለሞርሳ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 1 ሚ.ሜ ግን ለወጥ ቤት ቢላ አይበዛም? ለምን በሞረድ እስከ 0.3 አላወርደውም?

ቀስ በል
ከማጠንከርህ በፊት አታውርደው። ቀጭን ስለት እሳት ላይ ከጀርባው ቀድሞ ይግላል፣ ካርቦኑ ይቃጠላል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባም ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ማግኔት ከለቀቀ በኋላ ትንሽ ጨምረህ አግለህ፣ 60 ዲግሪ ወደሞቀ ዘይት ጫፉን ወደ ታች አድርገህ ቀጥ አድርገህ አስገባ። ሲወጣ በአሮጌ ሞረድ ፈትሽ፤ አሁን መንሸራተት አለበት። እንደ መስታወት ስለሚሰበር ሳትቆይ ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ሁለት ሰዓት፣ አቀዝቅዘህ እንደገና ሁለት ሰዓት። የጸዳው ፊት የገለባ ቀለም ይይዛል። ቀሪውን 0.7 በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተወጠረ ባለ 80 ከዚያም ባለ 120 የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያረጠብህ ጨርሰው። ጊዜ ይወስዳል፣ ሞረድ ከዚህ በኋላ አይነካውም።