ወፍራም ጎማ ይዤም በረዶ ላይ ወደቅሁ፤ ምን ጎደለኝ?

የሲዋርዱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው፣ ሲዋርድ ሰፈር። ሥራዬ አፕታውን ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መግባት አለብኝ። ሰመሩን ሙሉ ሚድታውን ግሪንዌይ በሚባለው የሳይክል መንገድ ተመላልሻለሁ፣ በጣም ስለለመድኩት ዊንተር ሲመጣ ማቆም አልፈለግሁም። ስለዚህ ኅዳር ላይ ያገለገለ ፋት ባይክ ገዛሁ። ጎማው 4 ኢንች ነው፣ የሞተር ሳይክል ይመስላል። ሻጩ "በዚህ የትም ትሄዳለህ" አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ስኖው መጀመሪያ የወረደ ቀን እውነትም ደስ ይል ነበር፤ ሰው ያልረገጠው ላይ ኩርሽም ኩርሽም እያለ ነው የሚሄደው።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ከሂያዋታ መንገድ በላይ የሚያልፈው ድልድይ ላይ የፊት ጎማው ድንገት ከሥሬ ሸሸ። ፍሬን እንኳ አልያዝኩም። በግራ ጎኔ ወድቄ ክርኔ አበጠ፣ ሦስት ቀን ኮት መልበስ አቅቶኝ ነበር። ባለቤቴ "በቃ ሽጠው" ትላለች። እኔ ግን መሸጥ አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ የምውለው መስኮት የሌለው መጋዘን ውስጥ ነው፣ ያቺ የጠዋት ግማሽ ሰዓት ለኔ ትልቅ ነገር ናት።

ጎማው ይህን ያህል ወፍራም ሆኖ ለምን ያንሸራትታል? አየሩን ስንት ላድርገው? ሁለት ጓንት ደርቤም እጄ ይደነዝዛል። ሐይቅ ላይ የሚነዱም አያለሁ፣ እሱስ እንዴት ነው?

የሴንት ፖሏ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ለክፉ አልሰጠህ። እኔ ይህ ስድስተኛ ዊንተሬ ነው፣ የመጀመሪያውን ዓመት እንዳንተው ወድቄ ነው የተማርኩት።

እኛ ሁሉንም በረዶ ስለምንለው ነው የምንሳሳተው። ለሳይክል ስኖው፣ ማለት የሚወርደው ለስላሳው፣ ሌላ ነው፤ አይስ፣ ማለት ረግቶ የጠጠረው፣ ሌላ ነው። ፋት ባይክ የተሠራው ለስኖው ነው። ጎማው ሰፊ ስለሆነ ክብደትህን ይበትነዋል፣ ሳይሰምጥ ላይ ላዩን ይሄዳል። አይስ ላይ ግን መስመጥ የለም፤ የሚያስፈልገው የሚቧጥጥ ነገር ነው። 4 ኢንችም ይሁን 5፣ መስታወት የመሰለ አይስ ላይ ላስቲክ ያው ላስቲክ ነው፣ ይንሸራተታል። ድልድይ ደግሞ ከሥሩም ንፋስ ስለሚገባው ቀድሞ ይቀዘቅዛል። መንገዱ ገና እርጥብ ሆኖ ድልድዩ አይስ ይይዛል፣ በጨለማ ደግሞ አይታይም።

የሚይዝልህ ሚስማር ያለው ጎማ ነው። ጫፉ ካርባይድ የሚሉት በጣም ጠንካራ ነገር ስለሆነ አስፋልት ላይም ቶሎ አያልቅም። ለፋት ባይክ ውድ ነው፣ አንዱ ጎማ ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ሊሄድ ይችላል። አቅሙ ከሌለህ ከፊተኛው ጀምር። የኋላው ቢንሸራተት አብዛኛውን ጊዜ ትመልሰዋለህ፤ የፊቱ ከሸሸ ግን ያየኸው ነው የሚሆነው። አዲስ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን 30 ማይል ገደማ አስፋልት ላይ ቀስ ብለህ ንዳው፣ ፍሬንም በኃይል አትያዝ፣ ሚስማሩ በደንብ እንዲቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርህ። ግሪንዌይን ከተማው ይጠርገዋል። ለተጠረገ መንገድ ተራ ሳይክል ሚስማር ጎማ ገብቶለት ከፋት ባይክ ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ጎማውም ይረክሳል። የሰመሩ ሳይክልህ ካለ ለሱ ግዛለት፣ ፋት ባይኩን ስኖው በወረደ ቀንና ለቅዳሜና እሁድ አድርገው።

ጓንት መደረቡን ተወው። ሲጣበቅ ደም አላስኬድ ይላል። ማኑብሪዮው ላይ የሚታሰር፣ እጅህን ከነፍሬኑ የሚሸፍን ትልቅ ኪስ አለ፣ ፖጊ ይሉታል። እሱ ካለህ ቀጭን ጓንት ይበቃሃል። ጥምቀት ሰሞን ከዜሮ በታች 10 ፋራናይት ሲገባ እኔ በሱ ነው የምሄደው።

ሐይቅ ላይ ደግሞ የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ የአይሱ ውፍረት ቢያንስ 4 ኢንች ይሁን ይላል፣ ያውም አዲስና ጥርት ያለ አይስ ሲሆን። ነጭ ከሆነ እጥፍ ያስፈልጋል። ብቻህን በፍጹም አትግባ።

የሲዋርዱ፦

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። የሰመሩ ሳይክል አለኝ፣ ልክ ነሽ። የፋት ባይኩን አየር 25 ፒ.ኤስ.አይ ነው የሞላሁት፣ በዝቶ ይሆን?

አንከሬጅ 20 ዓመት፦

ልጄ፣ 25 ለስኖው በጣም ብዙ ነው። ጎማው እንደ ኳስ ነው የሚነጥርብህ። አላስካ ውስጥ ብዙ ነድቻለሁ፣ በሽምግልናዬም አልተውኩትም፣ አየር ላይ ያለኝን ልንገርህ።

ጠንከር ብሎ የተረገጠ ስኖው ላይ ከ6 እስከ 8። ገና የወረደ ለስላሳ ከሆነ 4 ወይም 5። ባዶ አስፋልት ከሆነ 12 እና ከዚያ በላይ። በክብደትህ ትንሽ ይለያያል። የተራ ፖምፓ ጌጅ እዚህ ታች ላይ በትክክል አያነብም፣ ለዝቅተኛ አየር የተሠራ ትንሽ ጌጅ ግዛ። ሌላው መንገድ፣ ሴላው ላይ ተቀመጥና ሰው ጎማውን ይይልህ። የጎማው ጎን ላይ ቀጭን ሽብሽብ ከታየ ለስኖው ጥሩ ነው። ሽብሽቡ ወደ ጥልቅ እጥፋት ከተቀየረ አንሷል፣ ካላማዳሪያው ተቆንጦ ይበሳል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ሳሎንህ ውስጥ 8 ሞልተህ ከዜሮ በታች 5 ፋራናይት ስትወጣ፣ ምንም ሳይተነፍስ 5 ገደማ ይሆናል። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራላ። ስለዚህ ሳይክሉን ውጪ አቆየውና እዚያው ለካው። ጎማው ሞቆ ስኖው ላይ ሲወጣም ስኖው ቀልጦ መልሶ ፍሬኑና ማርሹ ላይ ይጋገራል፣ ብርድ ያለበት ቦታ ማሳደሩ ለዚህም ይጠቅማል። ባትሪ ያለው ከሆነ ግን ባትሪውን ቤት አስገባ፣ ሳይሞቅም ቻርጅ አታድርገው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 እዚህ አላስካ ኢዲታባይክ የሚባል የ200 ማይል ውድድር ሲጀመር የዛሬው ጎማ አልነበረም። ሰው ሳይክሉን እየገፋ ነበር ብዙውን መንገድ የሚሄደው። ኋላ ላይ ሁለት ቸርኬ ጎን ለጎን የሚበይዱ መጡ። በ2005 ደግሞ እናንተው ሚኒሶታ ውስጥ ያለው ሰርሊ የሚባል የሳይክል ድርጅት ፐግስሊ የሚባለውን ፋት ባይክ አወጣ፣ ፋት ባይክ ተራ ሱቅ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ሰው የለፋው ላለመስመጥ ነው። የሴንት ፖሏ ልጅ ያለችው ልክ ነው፣ ለአይስ ሚስማር ነው።

የሲዋርዱ፦

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማታ በረንዳ ላይ አሳድሬው ጠዋት አየሩን 7 አድርጌ ወጣሁ፣ ሌላ ሳይክል የነዳሁ ነው የመሰለኝ። ድልድዩን ግን ወርጄ እየገፋሁ ነው ያለፍኩት። ለሰመሩ ሳይክል ሚስማር ጎማ አዝዣለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል። አንድ የቀረኝ ነገር፣ ፔዳል ስመታ ካቴናው ይዞርና ቸርኬው አንዳንዴ አይከተልም። ስኖው ነው?

የሴንት ፖሏ፦

አይደለም፣ የኋላ ቸርኬው መሐል ያለው ግራሶ ቀዝቅዞ ጠጥሮ ነው። ውስጡ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች አይነክሱም ማለት ነው። ፈትቶ አጽድቶ ለብርድ የሚሆን ቀጭን ቅባት የሚያደርግ መካኒክ ጋ ውሰደው። እስከዚያ ቆመህ ፔዳል አትምታ፣ ድንገት ባዶውን ከዞረ ክርንህ ላይ ነው ደግመህ የምትወድቀው።