በድሮ ካርታ ላይ የተጻፈው «ጨፌው ይበላል» እንዴት ይነበባል?

ጠያቂው፦ ሰላም ወገኖች። የሱሉልታን አካባቢ የሚያሳይ አሮጌ ካርታ እጄ ገባ፤ መጠኑ 1፡50,000 ነው። ዛሬ ቪላ የሞላው ሜዳ ላይ ሰማያዊ የሣር ምልክት ተነስንሶበታል። አጠገቡ አንድ ሰው በእርሳስ «ጨፌው ይበላል» ብሎ ጽፏል። «በ» ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

ባለዳዊት፦ ይጠብቃል እንጂ! ከብት የሚግጠው መስክ ነው።

የሱሉልታ ልጅ፦ ይላላል። ክረምት ላይ በላተኛው ራሱ ጨፌው ነው። የሰጠመ በሬ በገመድ ስንጎትት ነው ያደግነው።

ካርታ ወዳጅ፦ የከፍታ መስመሮቹን እዩ። ከአንዱ እስከ ቀጣዩ 20 ሜትር ነው። እንጦጦ ላይ ተጠጋግተው ይወርዱና ሜዳው ጋ ሲደርሱ ብን ይላሉ። ከጋራው ወዲህ ማዶ የወረደው ውሃ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። የሱሉልታው ግን ወደ ሙገር፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ነው መንገዱ። መሬቱ ስለማይዘቀዝቅ እዚያው ይተኛል። ሰማያዊው ምልክት ረግረግ ነው፤ ስለዚህ ይላላል።

ባለዳዊት፦ ረግረግ ሌላ፣ ጨፌ ሌላ! ጨፌ በጋ ላይ ይረገጣል፣ ይታጨዳል። ሥሩም ግዕዝ ነው። «ጼው» «ጨው» እንደሆነ ሁሉ፣ ይሄም ከ«ጸ» የመጣ ነው።

ቀለም ቀንድ፦ ኧረ በዳዊት! ጨ ሁሉ ከጸ አልመጣም። ጨፌ ኦሮምኛ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ራሱ ጨፌ አይደል የሚባለው? ድሮ ጉባኤው መስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው። የአዲስ አበባን ዙሪያ ካርታ አንብብ፤ ቱሉ ጋራ ነው፣ ለገ ወንዝ ነው፣ ገፈርሳ ጎሽ ነው። ከተሜው ጎሹን ሳያውቅ ስሙን ይጠራል።

ባለዳዊት፦ እኔ ቅኔ ቤት ስገባ አንተ ፊደል አልቆጠርክም።

ቀለም ቀንድ፦ የግዕዙን ፊደል ቆጥሬዋለሁ፤ ጨ የለበትም።

የሱሉልታ ልጅ፦ 😂 «በዕረፍት ውኃ ዘንድ» የተባለው የእኛ ሰፈር ነው። ውሃው አርፏል፤ ያላረፈው ቪላ የሠራው ሰው ነው።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ይጠብቅ ወይስ ይላላ?

ጠጅ ወዳጅ፦ «ለገ» ካነሳችሁ አይቀር፣ ለገዳዲ «የጠጅ ወንዝ» ማለት አይደለም? በኦሮምኛ ዳዲ ጠጅ ነው።

ቀለም ቀንድ፦ «ለገ አዲ» ቢሆንስ? አዲ ነጭ ነው።

ባለዳዊት፦ ታዲያ መሃል ላይ ያለው «ዳ» ከየት መጣ?

ካርታ ወዳጅ፦ ጠጁን ተዉት። ከለገዳዲ ግድብ ስጠጣ ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን አልሰከርኩም።