ከካዛንቺስ ተነስቶ የአንድ ቀን ካያክ፦ ቢሾፍቱ ይሻላል ባሕር ዳር?

ጠያቂ፦ የካዛንቺሷ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ታናሽ እህቴ ለአንድ ቀን ሐይቅ ዳር ዳሩን ካያክ (ጠባቧን ቀላል ጀልባ) መቅዘፍ አምሮናል። ወደብ ያለበት ቢሆን ደግሞ ጀልባዎቹንም እናያለን። ሁለታችንም ካያክ ሞክረን አናውቅም። እኔ ዋና እችላለሁ፣ እሷ ግን ውሃ ደረቷ ጋ ሲደርስ ትጮሃለች። ቢሾፍቱ ወይስ ባሕር ዳር? ምንስ እንያዝ? አንድ ወዳጄ «ምን አደከመሽ፣ አባ ሳሙኤል አለ አይደል» ብሎኛል።

አራት ኪሎ
ወዳጅሽ ቀልዶ መሆን አለበት። አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ግድብ ነው፤ ታሪክ አለው። ግን አቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚገባው እዚያ ነው። እምቦጩም አለ። ገፈርሳና ለገዳዲ ደግሞ የምንጠጣው ውሃ ስለሆኑ እነሱን እርሺያቸው።

የሐይቅ ሰው
ለአንድ ቀን ከሆነ ቢሾፍቱ፣ አለቀ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ከወጣችሁ 2 ሰዓት ላይ ውሃው ላይ ናችሁ። ሰዓቱን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ሐይቁ ዝም ይላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ለጀማሪ ደግሞ ከነፋስ ጋር መታገል ቀዘፋ ሳይሆን ቅጣት ነው። እስከ 6 ሰዓት ጨርሳችሁ ዓሣችሁን ብሉ።

የቢሾፍቱዎቹ ባቦጋያና ሆራ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ዳርቻቸው ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ትንሽ ራቅ ካልሽ እግርሽ መሬት አያገኝም። ባቦጋያ ጥልቁ ላይ ከ60 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ «ዳር ነኝ» ብሎ ላይፍ ጃኬት ማውለቅ የለም። ለእህትሽ ኩሪፍቱ ሐይቅ ይሻላታል፣ ጥልቀቱ ያን ያህል አይደለም። ሐይቅ ዳር ካሉት ሎጆች ካያክ የሚያከራዩ አሉ። ቀድማችሁ ደውሉና የመግቢያው ዋጋ ካያኩን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ።

ጃኬቱን ስትለብሱ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆልፉ። ከዚያ አንዳችሁ የሌላዋን ጃኬት ትከሻው ላይ ይዛ ወደ ላይ ትጎትት። አገጭ ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው፣ አስቀይሩ።

በነገራችን ላይ ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ አትሂዱ። ሆራ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር መንገዱ ይጨናነቃል። ለበዓሉ ከሆነ ግን ሂዱ፣ ያምራል።

ጣናዬ
እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ አላዳላም፦ ለአንድ ቀን አትምጡ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ ጣና ደርሶ መልስ አይወድም። ሁለት ሌሊት ካላችሁ ግን ወደቡ እዚህ ነው። ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚሄዱት የሞተር ጀልባዎች ከዚህ ይነሳሉ። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትንም ታያላችሁ።

ሞተር ጀልባ ሲያልፍ የሚያስነሳውን ማዕበል በጎን አትቀበሉት። የካያኩን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዙሩና ቀጥ ብላችሁ ግቡበት። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። እዚያ በካያክ ሳይሆን ከነዋሪ ባለጀልባ ጋር ነው የሚኬደው።

ነጭ ጋወን
ጣናም ሆነ ዝዋይ ቢልሃርዚያ (ከውሃው በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል) አለባቸው። ሸምበቆ ውስጥና ዳር ላይ በባዶ እግር አትንቦጫረቁ። ውሃው ነክቷችሁ ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። ፀሐዩንም አትናቁት። ቢሾፍቱ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃውም ፀሐዩን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ኮፍያ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ሰንስክሪን ያዙ።

ጠያቂ፦ የካዛንቺሷ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቢሾፍቱ ሆኗል። ግን ቢገለበጥስ? እህቴ ይህን ካላወቀች አትሄድም።

የሐይቅ ሰው
ከላዩ ላይ የሚቀመጡበትን ዓይነት ጠይቁ። ሲገለበጥ ውስጡ አያስቀርም፣ ሰውየው ዝም ብሎ ይወድቃል። ካያኩ አይሰምጥም፤ ስለዚህ ትታችሁት ወደ ዳር አትዋኙ። ያዙትና ገልብጣችሁ አቅኑት። ከዚያ በሆድ ተንሸራትቶ መውጣት ነው፤ አያምርም ግን ይሠራል። ከመራቃችሁ በፊት ዳር ላይ፣ ሠራተኛው እያያችሁ ሆን ብላችሁ አንዴ ውደቁ። ፍርሃቷ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ስልክ ላስቲክ ውስጥ፣ መነጽር በክር።

አራት ኪሎ
የሁለት ሰው ካያክ ውሰዱ። አንቺ ከኋላ፣ እሷ ከፊት። ምቱን የምትሰጠው የፊቷ ናት፣ አቅጣጫ የምትይዘው የኋላዋ። «አንቺ ነሽ ያጣመምሽው» የሚለው ጭቅጭቅ ግን ከኪራዩ ጋር በነፃ ይመጣል።