ክርክር፦ በሰፈር ጋራዥ ለተሠራ ባለ ሁለት ወንበር ተሽከርካሪ ታርጋ ይሰጥ?

አወያይ፦ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ሳይመረመርና ሳይመዘገብ በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ከወደቀ ሞተር ሳይክል ሞተር፣ ከባጃጅ ጎማና ከቁራሌ ከተገዛ ብረት ሁለት ሰው የሚይዝ ተሽከርካሪ ለሚሠራ ሰው፣ ሥራው ተመርምሮ ታርጋ የሚያገኝበት በር ይከፈትለት ወይስ አይከፈትለት? እኔ ራሴ ወደ መክፈቱ አዘነብላለሁ፤ ሆኖም የተቃዋሚዎቹን መከራከሪያ ሳልሰማ አልቆርጥም።

በያጅ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ይከፈት። እኛን የሚያስቸግረን ምርመራው ሳይሆን የሚመረምረን ማጣታችን ነው። ሐሳቡም ከእኛ አልተጀመረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፕላን እንዳይሠራ የታገደው የጀርመኑ አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ሜሰርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው ኬአር 200 የተባለ ትንሽ ተሽከርካሪ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ አስቀምጦ በ191 ሲሲ ሞተር ይሄድ ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው የቢኤምደብሊው ትንሽ መኪና ኢዜታም ሞተሩን የወሰደው ከኩባንያው ሞተር ሳይክል ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ አቅሙ ውስን የሆነ ሰው አማራጭ ቢፈልግ ሊወቀስ አይገባም።

የሜካኒክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ወንድሜ የጠቀሷቸው ተሽከርካሪዎች በፋብሪካ ተነድፈው የተፈተሹ ስለሆኑ ለሰፈር ሥራ ዋስ አይሆኑም። እዚህ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ካቴናውን ከሞተሩ አውጥቶ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ካለው አንድ ወጥ ዘንግ ጋር ማያያዝ ነው። በጥምዝ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት መጓዝ ሲኖርበት ወጥ ዘንግ ሁለቱን እኩል ያሽከረክራቸዋል፤ በዚህም አንደኛው አስፋልቱን እየፋቀ ይሄዳል፣ መሪውም ለመታጠፍ እምቢ ይላል። የኋላ ማርሽም የለውም። ኬአር 200 ሞተሩ ጠፍቶ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲነሳ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር፤ ያ ዘዴ ለሁለት ምት ሞተር እንጂ ዛሬ በገበያችን ላለው ባለ አራት ምት ሞተር አይሠራም።

ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ጉልበቱ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በሳሳው አየር ምክንያት ባለ 12 ፈረስ ጉልበት ሞተር ወደ 9 ይወርዳል። ይህ ሞተር በነፋስ እንዲቀዘቅዝ የተሠራ ሆኖ ሳለ በላሜራ ታጥሮ ማራገቢያ ካልተገጠመለት በዳገት ላይ ይግላል። 120 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሞተር ሳይክል የታሰበ ፍሬን ደግሞ ከሻንሲውና ከሁለት ሰው ጋር የእጥፍ ክብደት ሊያቆም ይገደዳል።

በያጅ፦ ስለ ዘንጉ መምህር ያሉት ልክ ነው፤ ስለዚህም የባጃጅን የኋላ ክፍል ከነካምቢዮው ማምጣት ይሻላል፤ ሁለቱ ጎማዎች በጥምዝ ላይ በተለያየ ፍጥነት እንዲሽከረከሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻሉም የኋላ ማርሹም አብረውት አሉ። ይህን መርማሪው ቅድመ ሁኔታ ቢያደርገው ግማሹ ችግር ከመነሻው ይቀረፋል።

የጤና ባለሙያ፣ ከደጀን፦ እኔ ግን አይከፈት እላለሁ። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከባድ መኪና እንኳ ማርሽ ካላወረደ የፍሬን ሸራው ይቃጠልበታል። የባጃጅ ታምቡር ፍሬን ይዞ እዚያ የሚወርድ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን በፊቱ ያለውን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል። የብየዳ ጥራትም በዓይን አይለይም፤ ከላይ ያማረ መገጣጠሚያ ውስጡ ሳይቀልጥ የቀረ ሊሆን ይችላል።

የባጃጅ ባለንብረት፣ ከዳንግላ፦ የኔ ጥያቄ አጭር ነው። እኔ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን እገባለሁ፤ ቦሎዬንም በየዓመቱ አሳድሳለሁ። ሊብሬ የሌለውን ተሽከርካሪ የትኛው መድን ድርጅት ይቀበለዋል? ተሳፋሪ መጫን ከጀመረ ደግሞ ያለ ግብር የሚሻማኝ ተፎካካሪ ነው።

መምህር፦ የመድኑ ነገር የሚፈታው በምርመራው ስለሆነ በሩን ለመክፈት ምክንያት እንጂ ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም። እንግሊዝ እንደዚህ ያሉትን ሥራዎች አንድ በአንድ የምትመረምርበት ሥርዓት አላት፤ የአውሮፓ ኅብረትም ቀላል ባለ አራት እግር ተሽከርካሪን በ425 ኪሎ ክብደትና በሰዓት በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወስነዋል። ተመሳሳይ ገደብ ይደረግ፤ ለኪራይ መሥራት ይከልከል፤ ብየዳው በየቦታው በጭነት ይፈተሽ። ለዚህ የሚሆን ባለሙያ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆቻችን አይጠፋም።

የጤና ባለሙያ፦ የፍጥነት ገደብ ቁልቁለት ላይ ማን ያስከብረዋል? ቢያንስ የሚሄድበት ክልል በሊብሬው ላይ ይጻፍ፤ የዓባይ በረሃም በግልጽ ይከልከል።

በያጅ፦ የዓባይ በረሃ ይከልከል፣ እስማማለሁ፤ ለኪራይ አለመሥራቱንም እንዲሁ። ነገር ግን «ከከተማ አይውጣ፣ ዋና መንገድ አይርገጥ» ተብሎ እንዳይጻፍ እለምናለሁ። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አስፋልት ፍኖተ ሰላምን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ነው የሚሄደው፤ እሱን ካልረገጡ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም።