የበርኒዝ ቡችላ፦ ካልሲየም ይጨመርለት? ፀጉሩስ ይላጭ?

ጥያቄ
ሰላም ወገኖች። ቡችላው በርኒዝ የሚባለው የስዊስ ተራራ ውሻ ነው፤ ወንድ፣ 5 ወሩ፣ 24 ኪሎ። ሰሞኑን ከተኛበት ሲነሳ የፊት ቀኝ እግሩን ለጥቂት እርምጃ ያነክሳል፤ ከዚያ ይተወዋል። አጥንቱ እንዲጠነክር የካልሲየም ዱቄት ስጡት የሚሉ አሉ። ሙቀቱም ከብዶት ቀኑን ሙሉ ያለከልካል። ፀጉሩ ቢላጭ ይቀለው ይሆን?

መልስ 1
ካልሲየሙን እባክዎ ይተዉት። እስከ 6 ወር ገደማ የቡችላ አንጀት የተረፈውን ካልሲየም መግታት አይችልም፤ የሰጡት አብዛኛው ወደ ደም ይገባል፤ ገና በመጠንከር ላይ ያለውን የአጥንት ጫፍ አስተዳደግም ያበላሻል። ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የተዘጋጀ ምግብ በቂ ነው። ከረጢቱ ላይ ካልሲየሙ በደረቅ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.8 በመቶ መሆኑን ይዩ።

ማነከሱን ግን በቀላሉ አይለፉት። የዚህ ዝርያ ደካማ ቦታ ክርንና ዳሌው ነው። ከእረፍት ሲነሳ አንክሶ ሲንቀሳቀስ የሚሻለው ቡችላ ክርኑ መታየት አለበት። ራጁ የሁለቱም እግር ይሁን፤ ያላነከሰበትም ላይ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይገኛል። ሐኪም እስኪያየው ደረጃ አያስወጡት፣ ከመኪና ዘሎ አይውረድ፣ ኳስ እየወረወሩ አያሩጡት።

ክብደቱን በእጅዎ ይለኩ፦ መዳፍዎን ጎኑ ላይ ሲያሳርፉ የጎድን አጥንቱ ሳይጫኑ ሊቆጠር ይገባል። ከላይ ሲያዩትም ወገቡ ገባ ያለ ይሁን። ወፍራም ቡችላ ያምራል፤ መገጣጠሚያው ግን ዕድሜ ልኩን ይከፍልበታል።

መልስ 2
መላጨት የለበትም። የውጪው ረጅም ፀጉር ፀሐይን ይከላከልለታል፤ ከተላጨ ደግሞ አንዳንዴ ተበላሽቶ ይበቅላል። ሙቀት የሚያፍነው የረገፈውና ውስጥ የቀረው ለስላሳ ፀጉር ነውና እሱን ያውጡለት። በአንድ እጅ ፀጉሩን ወደ ላይ ገልጠው ቆዳው ሲታይ፣ በሌላው ከሥር ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ያበጥሩ። በሳምንት 3 ጊዜ ይበቃል፤ በሚረግፍበት ወቅት በየቀኑ። ከጆሮ ኋላ፣ ከብብትና ከጭኑ ጀርባ ቶሎ ይቋጠራል።

የእግር ጉዞው ማለዳና ማታ ይሁን። ሙቀት ሲበረታ ሆዱንና መዳፎቹን በውሃ ያርጥቡ፤ ሲያበቁ እስከ ቆዳው ያድርቁት፤ እርጥበት ከታመቀበት ቆዳው ይቆስላል። ሲያለከልክ ከተንገዳገደ ወይም ካስታወከ ሙቀት መትቶታል፤ ገላውን ሁሉ በውሃ እያራሱና ንፋስ እየሰጡ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፤ ለራጅ ቀጠሮ ተይዟል። በቀን አንዴ ነው የሚበላው፤ እንደ ጨረሰ ግቢውን ይዞራል። ችግር አለው?

መልስ 1
አለው። በዚህ ዕድሜ 3 ጊዜ ይከፋፈልለት፤ ከ6 ወር በኋላ ዕድሜ ልኩን 2 ጊዜ። ከበላ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ይረፍ። ደረተ ጥልቅ ውሻ ስለሆነ ጨጓራው ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ በተለይ ካደገ በኋላ። ለማስታወክ እየታገለ አረፋ ብቻ ከወጣው፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ካቃተው እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የሚኮላሽ ከሆነ፣ በዚያው ቀዶ ጥገና ጨጓራው ከሆድ ግድግዳ ጋር እንዲሰፋለት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ መጠምዘዙን በእጅጉ ይከላከላል።

መልስ 3
አንድ ልጨምር፦ በሰንሰለት ታስሮ ብቻውን ግቢ ውስጥ አይደር። በርኒዝ የእርሻ ቤተሰብ ውሻ ነበር፤ ከብት ይነዳል፣ የወተት ጋሪ ይጎትታል፣ ከሰው አይለይም። ሲጮሁበት ይሸማቀቃል፤ በለሰለሰ ድምፅና በቁራሽ ምግብ ግን ቶሎ ይማራል። በገመድ ሳይጎትት መሄድን አሁኑኑ ያስተምሩት፤ 50 ኪሎ ከደረሰ በኋላ ይከብዳል።