ብላክጃክ ላይ ዲለሩ አስና 6 ይዞ ካርታ ሲስብ ቻርቴ ላይ ምን ይቀየራል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፣ ብላክጃክ የለመድኩት 6 ደክ (ሙሉ ጥቅል) ካርታ ተቀላቅሎ ዲለሩ (ካርታ አዳዩ) አስና 6ን ጨምሮ ማንኛውም 17 ላይ በሚቆምበት ጠረጴዛ ነው፣ መቼ መሳብ መቼ መቆም እንዳለብኝ የሚያሳየውን ቻርትም በሱ ልክ ሸምድጄዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ግን እዛው ካዚኖ ውስጥ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አልኩ፣ 15 ዶላር አስይዤ አስና ኪንግ፣ ማለትም ብላክጃክ፣ ደረሰኝ፣ 22 ከ50 ስጠብቅ ዲለሯ 18 ቆጥራ ሰጠችኝ። ጨርቁን ሳየው ለካ የሚከፍለው 3 ለ 2 ሳይሆን 6 ለ 5 ነው! ቀጥሎ ደግሞ አስና 6 ይዛ ትቆማለች ስል ሌላ ካርታ ሳበች፣ 4 መጣላትና 21 ሞላች፣ የኔ 20 ተበላ።

6 ለ 5 ላይ ሁለተኛ አልቀመጥም፣ እሱ ቁርጥ ነው። ግን እዛ ያየኋቸው 3 ለ 2 የሚከፍሉት ጠረጴዛዎች መነሻቸው 25 ዶላር ሆኖ ዲለሩም አስና 6 ላይ ይስባል። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ እንደዛ ሲሆን 11 ይዘህ ዲለሩ አስ ካሳየ ደብል አድርግ (ማስያዣህን እጥፍ አድርገህ አንድ ካርታ ብቻ ውሰድ) አለኝ፣ የኔ ቻርት ደግሞ ሳብ ብቻ ነው የሚለው። ዲለሩ ሶፍት 17 (እንደ አስና 6 ያለ፣ አስ 11 ሆኖ የሚቆጠርበት 17) ላይ በሚስብበት የ6 ደክ ጠረጴዛ፣ ከዚች ሌላ ቻርቱ ላይ የትኞቹን ውሳኔዎች ነው መቀየር ያለብኝ?